ተውኔቱን ብንቀይረውስ?

«ኦል አባውት ኢቭ»ን (1950) ላያችሁ ሁሉ አንድ ቀላል ጥያቄ አለኝ፦ ማርጎ ቻኒንግ በየምሽቱ የምትጫወተው ተውኔት ስለ ምንድን ነው? ርዕሱን ታስታውሱ ይሆናል፤ «ኤጅድ ኢን ዉድ» ይባላል። ከዚያስ? የምትጫወታት ሴት ማን ናት? ምን ትፈልጋለች? ምንስ ታጣለች? ከአልባሳቱ ተነስተን የድሮ የአሜሪካ ደቡብ ታሪክ ነው ብለን እንገምት ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ግን መልስ የለንም። ፊልሙ ራሱ ስላልነገረን ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ቴአትር ሰዎች የሚያወራ፣ ለ14 ኦስካር ታጭቶ 6 ያሸነፈ ፊልም ነው። ከተውኔቱ የሚያሳየን ግን ማለቂያውን ነው፤ እጅ መንሳቱንና ጭብጨባውን።

ይሄ የማንኪዊትዝ ፊልም ብቻ ጠባይ አይደለም። ስለ ቴአትር ዓለም የተሠሩ ፊልሞች ከመድረኩ ይልቅ ጓዳውን ይወዳሉ። የመልበሻ ክፍሉ መስታወት፣ የተዋናዮች ቅናት፣ የሃያሲው ምላስ፣ የመክፈቻው ምሽት ፍርሃት፤ ይሄ ሁሉ በደንብ ይታየናል። መድረኩ ላይ የሚነገረው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ከሩቅ የሚሰማ ጉምጉምታ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይባላል፣ ካሜራው ወደ ተመልካቹ ፊት ይዞራል፣ አንዲት ሴትዮ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ጭብጨባ። በቃ፣ ተውኔቱ ግሩም ነበር ማለት ነው።

እኔ እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው። አንድ ገጽ ስንሠራ እውነተኛው ጽሑፍ ገና ካልደረሰን ቦታ መያዣ እንከትበታለን፤ «ሎረም ኢፕሰም» የሚባለው፣ ላቲን የሚመስል ግን ምንም የማይል ጽሑፍ። እንዲነበብ ተብሎ የገባ አይደለም። ጽሑፍ እዚህ ጋ ይኖራል ለማለት ብቻ ነው። ብዙ ፊልም ውስጥ ያለው ተውኔት እንዲህ ነው። ተዋናይዋ ተዋናይ መሆኗን እንድናምን የሆነ ነገር መጫወት አለባት፤ የምትጫወተው ምን እንደሆነ ግን ግድ የሚሰጠው የለም።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ፊልም ባየሁ ቁጥር አንድ ፈተና አደርጋለሁ። ተውኔቱን አወጣና በምናቤ ሌላ እተካበታለሁ። ፊልሙ እንዳለ ይቆማል? ከቆመ ተውኔቱ ጌጥ ነበር። ከፈረሰ ግን ሥር ይዟል ማለት ነው፤ ታሪኩ የሚናገረው አንድ ክፍል ያለ እሱ ሊነገር አይችልም። እስቲ አንዳንዶቹን አብረን እንፈትናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻዎቹንም እናገራለሁ፤ ስፖይለር የሚያናድዳችሁ ከሆነ ፊልሞቹን አይታችሁ ተመለሱ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።

በኢቭ እንጀምር። «ኤጅድ ኢን ዉድ»ን አውጥታችሁ የፈለጋችሁትን አስገቡበት፤ ምንም አይፈጠርም። ታዲያ ይሄ ጉድለት ነው? አይመስለኝም። ይልቅ ፊልሙን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ውስጡ አንድ ሙሉ ትርዒት አለ፤ የሚካሄደው ግን መድረክ ላይ አይደለም። ኢቭ ሃሪንግተን ለመጀመሪያ ጊዜ ማርጎ መልበሻ ክፍል ስትገባ የሕይወት ታሪኳን ትተርካለች፦ ድህነቱን፣ ጦርነቱን፣ የሞተውን ባሏን። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የት ላይ ማቆም እንዳለባት እያወቀች። አድማጮቿ እነማን ናቸው? ታዋቂ ተዋናይት፣ ጸሐፌ ተውኔትና ሚስቱ። የዘመኑን ቴአትር የሚሠሩት ሰዎች ማለት ነው፤ ሁሉም ያምኗታል። የማርጎ ረዳት በርዲ ብቻ ናት ትንሽ የምትሳለቀው። ያ ታሪክ በኋላ ውሸት ሆኖ ይገኛል። የፊልሙ እውነተኛ ተውኔት እሱ ነው፤ ደራሲዋም፣ አዘጋጇም፣ መሪ ተዋናይቷም ኢቭ ናት።

ኢቭ ጭብጨባን እንደ ፍቅር ነው የምታየው። ተውኔት አትፈልግም፤ ከተውኔቱ በኋላ የሚመጣውን ነው የምትፈልገው። ስለዚህ ፊልሙ ተውኔቱን ዘልሎ ጭብጨባውን ብቻ ማሳየቱ ዓለምን በእሷ ዓይን ማየቱ ነው። መጨረሻው ላይ ፊቢ የምትባል ሌላ ወጣት የኢቭን ካባ ደርባ፣ ሽልማቷን ይዛ፣ መስታወት ፊት ቆማ እጅ ትነሳለች። መድረክ የለም፣ ተመልካች የለም፣ ተውኔት የለም፤ እጅ መንሳት ብቻ። ደግሞ አስቂኙ ነገር፣ ኢቭ የምትሸለመው የሳራ ሲደንስ ሽልማት ለፊልሙ ተብሎ የተፈጠረ ነበር፤ በ1952 ቺካጎ ውስጥ የእውነት አቋቋሙት። ጭብጨባው ተውኔት ሳያስፈልገው ከፊልሙ አምልጦ ወጣ እላለሁ እኔ።

እንግዲህ ፈተናው ማርክ መስጫ አይደለም። ኢቭ ተውኔቱ ቢቀየርም ባይቀየርም ያው ናት፤ ምክንያቷን ግን ታውቃለች። ችግሩ ያለው ተውኔቱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ስሙን እየጠራ፣ ውስጡ የማይገባ ፊልም ላይ ነው።

ለምሳሌ «በርድማን» (2014)። በአንድ ወቅት የወፍ ልብስ ለብሶ ጀግና ሆኖ በመጫወት ዝና ያገኘ ሪገን ቶምሰን የሚባል ተዋናይ አሁን ብሮድዌይ ላይ ከባድ ሥራ ሊያሳይ ይፈልጋል። የሬመንድ ካርቨርን አጭር ልብ ወለድ ራሱ ወደ ተውኔት ይመልሰዋል፣ ራሱ ያዘጋጀዋል፣ ራሱ ይጫወተዋል። ኢኛሪቱ ከኢቭ ፊልም በተቃራኒ ተውኔቱን ያሳየናል፤ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ፍቅር የሚያወሩትን አራት ሰዎች፣ ሽጉጥ ያለበትን የመጨረሻ ትዕይንት፣ ደጋግሞ። ታዲያ ሥር ይዟል?

እስቲ እንቀይረው። የካርቨርን አውጥታችሁ የቼኾቭን «ሲገል» አስገቡበት። ወፍ አለ። ተዋናይ አለ። ዝና የሚያሰክራቸው ሰዎች አሉ። መጨረሻው ላይ ራሱን በጥይት የሚገድል ሰው አለ። ፊልሙ ይፈርሳል? እንዲያውም ይደላደላል። ይሄ መጥፎ ምልክት ነው። ካርቨር የሚታወቀው በቁጥብነቱ ነው፤ ሰዎቹ ትንሽ ያወራሉ፣ ትልቁ ነገር ሳይነገር ይቀራል። ፊልሙ ደግሞ ካሜራው እረፍት የለውም፣ ከበሮው አይቆምም፣ ሁሉም ሰው የሚሰማውን ነገር በጩኸት ይናገራል። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ እንጂ አይተዋወቁም።

ለፍትሕ ያህል፣ ፊልሙ ይሄን ሳያውቀው አልቀረም። ሪገን ልጅ እያለ ካርቨር የፈረመለት ናፕኪን አለው፤ ተዋናይ የሆነው በሱ ምክንያት እንደሆነ ያምናል። ማይክ ሻይነር ናፕኪኑን አይቶ የመጠጥ ቤት ናፕኪን መሆኑን ያስታውሰዋል፤ ሰውየው እኮ ሲፈርም ሰክሮ ነበር ነው ነገሩ። ካርቨር ለሪገን ያ ናፕኪን ነው፤ የቁም ነገረኝነት ማኅተም። ፊልሙ በዚህ ይስቃል። ግን እሱም ማኅተሙን አልጣለውም፤ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነው የወጣው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ፈተናዬን ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ላይ ወዳደረገ ፊልም። የኧርነስት ሉቢች «ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ» በ1942 ነው የወጣው፤ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ። ታሪኩ ዋርሶ ውስጥ በ1939 ይጀምራል። አንድ የቴአትር ቡድን በናዚዎች ላይ የሚሳለቅ «ጌስታፖ» የሚባል ተውኔት እየተለማመደ ነው። መንግሥት ሂትለርን እንዳያስቆጣ ፈርቶ ተውኔቱን ያግደዋል። ቡድኑ ምን ያደርጋል? ይቀይረዋል! በምትኩ «ሐምሌት» ይገባል።

ተውኔት መታገድ ለኛ አዲስ ወሬ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። የታገደ ተውኔት ግን የት ይሄዳል? የሉቢች መልስ አልባሳት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል የሚል ነው። ጀርመኖች ዋርሶን ሲይዙ የናዚ ዩኒፎርሞቹ እዚያው ተሰቅለዋል፣ የተለማመዱት ሚና አሁንም አለ፣ ሂትለርን የሚመስለው ተዋናይም አለ። የታገደው ተውኔት በመጨረሻ ይታያል፤ ተመልካቹ ራሱ ጌስታፖ ነው፤ ትወናው ከተበላሸ ቅጣቱ ጥይት ነው። አንዱን ተውኔት ቀይረን ሌላ አስገባን ሲሉ የወጣው በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

የገባው ተውኔትስ? ሐምሌትን እኛም እናውቀዋለን፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ያን የታወቀ ብቸኛ ንግግር ጆሴፍ ቱራ መድረክ ላይ ሲጀምር፣ በየምሽቱ አንድ ወጣት መኮንን ከመቀመጫው ተነስቶ ይወጣል። የሚሄደው የቱራ ሚስት ማሪያ ጋ ነው። ንግግሩ ምልክታቸው ነው፤ ረጅም ስለሆነ ባልየው ለደቂቃዎች መድረክ ላይ ታስሮ ይቆያል። የዓለም ድራማ ትልቁ የሞትና የሕይወት ጥያቄ እዚህ የሚጠቅመው በርዝመቱ ነው። ቱራን የሚያሳምመው ደግሞ ሚስቱ አይደለችም፤ እሱንማ ገና አላወቀም። በእሱ ትወና መሀል ሰው ተነስቶ መውጣቱ ነው። ቀልዱ የሚሠራው ንግግሩን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ነው። እዚህ ቦታ ሌላ ተውኔት አስገቡ፤ ቀልዱ ይሞታል።

ግን እኔን የሚገዛኝ ሦስተኛው ተውኔት ነው፤ ጨርሶ የማይታየው። ግሪንበርግ የሚባል ጦር ተሸክሞ ከኋላ የሚቆም ትንሽ ተዋናይ አለ። ሕልሙ የሼክስፒርን ሻይሎክ መጫወት ነው። ያን አይሁዳዊው ሰው መሆኑን የሚሟገትበትን ንግግር ፊልሙ ውስጥ ሦስት ጊዜ እንሰማዋለን። መጀመሪያ ከመድረክ ጀርባ፣ እንደ ምኞት። ሁለተኛ በፈረሰች ዋርሶ፣ በረዶ ላይ፣ እንደ ለቅሶ። ሦስተኛ በቴአትር ቤቱ ኮሪደር፣ በእውነተኛ የናዚ ወታደሮች ፊት፣ ጓደኞቹ እንዲያመልጡ እንደ ማጥመጃ። ፊልሙ ውስጥ «አይሁዳዊ» የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አይነገርም፤ ንግግሩም ለዚሁ ተስተካክሏል። ግሪንበርግ ሻይሎክን መድረክ ላይ አልተጫወተም። ግን ማን አለ በዚያ ፊልም ውስጥ ሚናውን ከሱ በላይ የተጫወተ?

ከዋርሶ ወደ ፓሪስ፣ በዚያው ጦርነት። የትሩፎ «የመጨረሻው ሜትሮ» (1980) ፈተናዬ ቀዳዳ እንዳለበት የሚያሳይ ፊልም ነው። አይሁዳዊው አዘጋጅ ሉካስ ስታይነር ከፓሪስ ሸሽቷል ተብሎ ይታመናል፤ እውነቱ ግን በራሱ ቴአትር ቤት ምድር ቤት ተደብቋል። ሚስቱ ማሪዮን፣ ማለትም ካትሪን ደኑቭ፣ ቴአትር ቤቱን ታስተዳድራለች፤ መድረክ ላይም ከበርናር ጋር ትጫወታለች። ሉካስ በማሞቂያው ቧንቧ በኩል ልምምዱን ያዳምጣል፤ ማታ ማታ ለማሪዮን እርማት ይነግራታል። ተውኔቱ ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። በሌላ ብትቀይሩት ብዙም አይጎዳም።

ግን ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ መጋረጃው ባይከፈትስ? ቴአትር ቤቱ ከተዘጋ ከሥሩ ያለው ሰው አለቀለት። ስለዚህ እያንዳንዱ ምሽት፣ እያንዳንዱ ትኬት፣ ተመልካቹ ሰዓት እላፊ ሳይደርስበት የመጨረሻውን ሜትሮ እንዲይዝ በሰዓቱ ማለቁ ጭምር፣ የአንድ ሰው ነፍስ ማቆያ ነው። እዚህ ላይ የሚነገረው ቃል ሳይሆን መነገሩ ነው ቁም ነገሩ። ሰውየው ደግሞ ትወናውን አያየውም፤ የሚሰማው ብቻ ነው። በሚስቱና በበርናር መካከል ያለውን ነገር ያወቀው ከድምፃቸው ነው። መጨረሻው ላይ ትሩፎ ሆስፒታል ውስጥ ያሳየናል፤ ማሪዮን ቆስሎ የተኛውን በርናርን ልትጠይቅ መጥታለች፤ በመስኮቱ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ ይታያል። እያየን ሳለ መስኮቱ ሥዕል ይሆናል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ሦስቱም ወጥተው እጅ ይነሳሉ። መቼ ሕይወቱ አልቆ ተውኔቱ እንደጀመረ አላየንም። ሉካስ ከምድር ቤት የወጣው ወደ መድረክ ነው።

በአስጋር ፋርሃዲ «ዘ ሴልስማን» (2016) ላይ ደግሞ ፈተናው ሙሉ ኃይሉን ያሳያል። ኤማድና ራና ቴህራን ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ተዋናዮች ናቸው፤ የአርተር ሚለርን «የሻጩ ሞት» (1949) እየተጫወቱ ነው። እሱ ሻጩን ዊሊ ሎማንን፣ እሷ ሚስቱን ሊንዳን። ጎናቸው በሚካሄድ ቁፋሮ ሕንፃቸው ሲሰነጠቅ ሌላ ቤት ይከራያሉ። አዲሱ ቤት በፊት የኖረችው ሴት ብዙ ወንድ እንግዳ ነበራት። አንድ ማታ ከእነሱ አንዱ መጥቶ ራናን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይጎዳታል። ኤማድ ሰውየውን ማደን ይጀምራል።

ለምን ሚለር? መጀመሪያ የሚታየውን ልናገር። ልምምድ ላይ አንዲት ተዋናይት ራቁቷን እንደሆነች የሚነገርላት ትዕይንት አላት፤ እሷ ግን በሳንሱሩ ምክንያት ካፖርት ለብሳ ነው የምትጫወተው። ባልደረባዋ ይስቃል፤ እሷ ተዋርዳ ትወጣለች። ቃሉ ሌላ፣ የሚታየው ሌላ። ፊልሙም በጠቅላላ እንዲህ ነው፤ ራና ላይ ምን እንደደረሰ ማንም በስሙ አይጠራውም፤ እሷም፣ እሱም፣ ጎረቤቱም ዙሪያውን ይዞራሉ። የሚለር ቤት በፎቆች እንደተከበበ ሁሉ የኤማድም ሕንፃ በግንባታ ተወጥሯል። ይሄን ብዙ ሰው ያነሳዋል።

ብዙ ጊዜ ሲባል የምሰማው ኤማድ ቀስ በቀስ ዊሊ ሎማንን ይሆናል የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። እስቲ መጨረሻ ላይ የሚገኘውን ጥፋተኛ ተመልከቱት። ሽማግሌ ነው። ልቡ ታማሚ ነው፣ ደረጃ መውጣት ያደክመዋል። ሚስቱ ዓለሟ እሱ ነው። ቤተሰቡ ያከብረዋል። ግን ድብቅ ኃጢአት አለው፤ ከሌላ ሴት ጋር የተያያዘ፣ ከታወቀ ቤተሰቡን የሚያፈርስ። ይሄ ሰው ማን ነው? የሚለርን ተውኔት ለሚያውቅ መልሱ ፊት ለፊት ነው፤ ዊሊንም ልጁ ቢፍ ቦስተን ሆቴል ውስጥ ከሴት ጋር አግኝቶት ነው ቤቱ የፈረሰው። እውነተኛው ዊሊ ሎማን ኤማድ አይደለም። ሽማግሌው ነው።

አሁን ነገሩ ያማል። ኤማድ በየምሽቱ ለዊሊ ነፍሱን ይሰጣል። ያ ደካማ፣ ውሸታም፣ የሚያሳዝን ሰው እንዲታዘንለት ላቡን ያፈሳል፤ ተመልካቹም ያዝናል። ዊሊ ግን ቤቱ ድረስ ሲመጣለት፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ አያውቀውም። ቤተሰቡን ጠርቶ ሊያዋርደው ይቆልፍበታል። ራና፣ ጉዳቱ የደረሰባት እሷ፣ ተወው ትለዋለች። በመጨረሻ ክፍል ውስጥ ወስዶ በጥፊ ይመታዋል፤ ሽማግሌው ደረጃው ላይ ይወድቃል። ሽማግሌው ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሠራው ከባድ ነው። ፊልሙ የሚጠይቀው ግን ለኛ ለጥበብ ወዳጆች የማይመች ነገር ነው፦ መድረክ ላይ ያዘንለትን ሰው በር ላይ ካላወቅነው ያ ሁሉ ሐዘን ምን ነበር? «የሻጩ ሞት»ን አውጥታችሁ ሌላ አስገቡ፤ ይህ ጥያቄ ይጠፋል። የሚቀረው የበቀል ታሪክ ነው። ኤማድና ራና መጨረሻ ላይ ሜካፕ እየተቀቡ ሳይተያዩ ይቀመጣሉ። ዛሬም ማታ ዊሊና ሊንዳ ናቸው።

ፋርሃዲ ተውኔት ሰውን ላያስተምረው እንደሚችል ካሳየን፣ ርዩሱኬ ሃማጉቺ በ«ድራይቭ ማይ ካር» (2021) ተቃራኒውን ይሞክራል፤ ግን በጣም በዝግታ፣ በሦስት ሰዓት። ካፉኩ ተዋናይና አዘጋጅ ነው። ሚስቱ ኦቶ የቼኾቭን «አጎቴ ቫንያ» በካሴት ቀድታለታለች፤ የሁሉንም ቃለ ተውኔት አንብባ፣ የቫንያን ቦታ ባዶ ትታ። እሱ ቀይ ሳብ መኪናውን እየነዳ ባዶውን ይሞላል። ኦቶ ትሞታለች። ካሴቱ ግን መናገሩን አያቆምም፤ ትጠይቀዋለች፣ ይመልሳል፣ በየቀኑ። ሙራካሚ አጭር ልብ ወለዱ ውስጥ ካሴቱንና ቫንያን ጀምሮታል፤ የሂሮሺማውን የቴአትር ዝግጅት የጨመረው ሃማጉቺ ነው።

ካፉኩ ሂሮሺማ ሄዶ ቫንያን ያዘጋጃል፤ ተዋናዮቹ በጃፓንኛ፣ በማንዳሪን፣ በኮሪያ የምልክት ቋንቋና በሌሎችም እየተናገሩ። ልምምዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ያለ ስሜት አንብቡ ይላቸዋል። ቀስ ብላችሁ፣ ሳትተውኑ፣ እንደገና። ተዋናዮቹ ይሰለቻሉ፤ እውነት ለመናገር ተመልካቹም ትንሽ ይሰለቻል። እኔ ግን ይሄ ክፍል ሥራዬን ያስታውሰኛል። ሰው የጻፈውን ኮድ ከማስኬዴ በፊት መስመር በመስመር ሳነብ፣ ያልኩት ሳይሆን የተጻፈው ምን እንደሚያደርግ ነው የምፈልገው። ካፉኩም ተዋናዩ ስሜቱን ቃሉ ላይ እንዲጭን አይፈልግም፤ ቃሉ እስኪሠራበት እንዲጠብቅ ነው። እሱ ራሱ ቫንያን መጫወት ትቷል፤ ቼኾቭ ውስጡን ጎትቶ ስለሚያወጣበት ይፈራዋል።

ታዲያ ሌላ ተውኔት ቢሆንስ? ፊልሙ ራሱ መጀመሪያ ላይ ቤኬትን ያሳየናል፣ «ጎዶን በመጠበቅ»ን፤ አለፍ ብሎ ይተወዋል። «ሐምሌት»ን ብናስገባ? «ሲገል»ን? ሁለቱም በሞት ያልቃሉ። ቫንያ ግን ተኩሶ ይስታል። ማንም አይሞትም። ሄደው የማይመለሱት ይሄዳሉ፣ የሚቀሩት ደግሞ የሂሳብ መዝገባቸውን ገልጠው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ካፉኩም የቀረ ሰው ነው፤ ያን ማታ ቶሎ ቤት ቢገባ ሚስቱ ትተርፍ ነበር ብሎ ያምናል። ሹፌሩ ሚሳኪም የቀረች ናት፤ እናቷ በመሬት መንሸራተት ስትሞት እሷ አላዳነቻትም። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች በሞት የሚያልቅ ተውኔት ምን ይጠቅማቸዋል? የሚያስፈልጋቸው ነገ ሥራ አለ የሚል ተውኔት ነው።

ቫንያን የሚጫወተው ወጣት ሲታሰር ካፉኩ ራሱ ከመግባት ሌላ ምርጫ ያጣል። መጨረሻው ላይ መድረኩ ላይ ተቀምጧል። ሶንያን የምትጫወተው ዩና ከኋላው ቆማ፣ እጆቿን በትከሻው ላይ አሳልፋ፣ የመጨረሻውን ንግግር በምልክት ቋንቋ ትነግረዋለች። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ቃሉን የምናነበው ከጽሑፍ ነው፤ የምናየው እጆቿን ነው። በዚያ ሁሉ ካሴት፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ መጨረሻ፣ ሰውየው የሚያስፈልገውን የሰማው ያለ ድምፅ ነው። ጭብጨባውን ሃማጉቺ አያሳየንም። ከኢቭ ፊልም ተነስታችሁ እዚህ ስትደርሱ ነገሩ ተገልብጧል፤ እዚያ ጭብጨባ ያለ ተውኔት፣ እዚህ ተውኔት ያለ ጭብጨባ።

ይሄ ሁሉ ለምን ያገባናል? ምክንያቱም አብዛኞቻችን ቫንያን ወይም ዊሊ ሎማንን መድረክ ላይ አላየናቸውም፤ ምናልባትም አናያቸውም። የምናገኛቸው ስልካችን ላይ፣ በፊልም ውስጥ ነው። ፊልሙ ጭብጨባውን ብቻ ካሳየን፣ ቴአትር ማለት ጭብጨባ ነው ብለን እንቀራለን፤ ኢቭ ሃሪንግተንን እንሆናለን። ፊልሙ ውስጡ ከገባ ግን ተውኔቱን ራሱን አገኘነው ማለት ነው። እኔ ሚለርን ያነበብኩት ፋርሃዲን ካየሁ በኋላ ነው፤ አንብቤ ስጨርስ የሽማግሌው ፊት ነበር ዓይኔ ላይ የነበረው።

አንድ ቀን እኛም ስለ ቴአትር ዓለማችን ፊልም እንሠራ ይሆናል። በ1927 ዓ.ም. ስለተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ ወይም ስለ ብሔራዊ ቴአትር። ያ ፊልም ሲመጣ ማን እንደሚተውንበት፣ የድሮው አልባሳት በደንብ ተሠርቶ እንደሆነ ብዙ ይወራል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ያን ማታ መድረኩ ላይ የሚታየው የትኛው ተውኔት ነው? በሌላ ብንተካውስ ምን እናጣለን?